የጋራ መልእክት በእጅ ስልክ፦ ቴሌግራምን ለሚጀምሩ እናቶችና ሠራተኞች

በከተማ የምትኖር ሠራተኛ እናት ቀኗ በብዙ ወገን የተከፋፈለ መሆኑ የታወቀ ነው። ማለዳ ልጆቿን አልብሳና ቁርስ አብልታ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ከዚያም ታክሲ ተጋፍታ ከሥራ ቦታዋ ትደርሳለች። ማታ ደግሞ የቤቱ ሥራ ይጠብቃታል። በዚህ ሁሉ መካከል ከትምህርት ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከዕድርና ከዕቁብ የሚመጣው መልእክት በጊዜው ሊደርሳት ያስፈልጋል። ቀድሞ እንዲህ ያለው መልእክት በልጅ እጅ በሚላክ ወረቀት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በጎረቤት ቃልና በዕድር ጥሩምባ ነፊ አማካይነት ይተላለፍ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው በእጅ ስልክ ላይ በሚገኝ የጋራ መልእክት መለዋወጫ የሚተላለፍ ሆኗል።

ከእነዚህ መለዋወጫዎች መካከል በሀገራችን ከተሞች በብዙ ሰው እጅ የገባው ቴሌግራም ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በሀገራችን መታየቱን ተከትሎ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ በርካታ መምህራን የቤት ሥራውንና ማስታወሻውን በዚሁ መንገድ ለወላጆች ይልኩ እንደነበር ይታወሳል። ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላም ልማዱ ጸንቶ ቆይቷል። በመሆኑም መሣሪያውን የማታውቅ እናት የወላጆች ስብሰባ ሳትሰማ ያልፋታል፤ የዕቁቧም ውሳኔ ያለ እርሷ ይወሰናል። ሳታጠና በጥድፊያ የምትጀምረው ደግሞ ገንዘቧንና መልካም ስሟን ለሌባ ልታጋልጥ ትችላለች። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የአጀማመሩን ሥርዓት፣ የጥንቃቄውን ዘዴና በጋራ ሲሠራበት ሊኖር የሚገባውን ደንብ በተራ እናቀርባለን።

ምንነቱ

ቴሌግራም ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ በተባሉ ወንድማማቾች ተሠርቶ በነሐሴ ወር 2005 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ የመልእክት መለዋወጫ ነው። የሚሠራው በኢንተርኔት ስለሆነ ለእያንዳንዱ መልእክት የተለየ ሂሳብ አይከፈልበትም። የሚያስከፍለው የኢንተርኔቱ ጥቅል ነው። ከእርሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ዋትሳፕም ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጥ በመሆኑ ከዚህ በታች ከሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለእርሱም ይሠራል።

በቴሌግራም ሦስት ዓይነት መገናኛዎች እንዳሉ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚጻጻፉበት ነው። ሁለተኛው ግሩፕ የሚባለው ሲሆን፣ አባላቱ ሁሉ የሚጽፉበትና ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያዩት የጋራ ሸንጎ ነው። ሦስተኛው ቻናል ይባላል፤ በዚህኛው የሚጽፈው ባለቤቱ ወይም እርሱ የፈቀደለት ብቻ ሲሆን ሌላው ያነባል። ልዩነቱን አለማወቅ ብዙ ጊዜ ችግር ያመጣል። ለአንዲት ጎረቤት ብቻ የታሰበ የቤት ምሥጢር በግሩፕ ተጽፎ ሠፈሩ ሁሉ የሚያነበው ይኸው ልዩነት ሳይለይ ሲቀር ነው። ስለሆነም ከመላክ በፊት ከገጹ በላይ የተጻፈውን ስም አንድ ጊዜ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

አጀማመሩ

አንደኛ፣ መሣሪያውን ስልኩ ራሱ ካለው የታወቀ መደብር፣ ማለትም ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ማውረድ ያሻል። ከጎረቤት ስልክ የተቀዳ ወይም ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ቅጂ ሌላ ነገር ታክሎበት ሊሆን ስለሚችል አይመከርም።

ሁለተኛ፣ ሂሳቡ የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩም በራሷ በባለቤቲቱ ስም የወጣና በእጇ ያለ ቢሆን ይመረጣል። በዘመድ ወይም በአሠሪ ስም በወጣ ሲም ካርድ የተከፈተ ሂሳብ ሲም ካርዱ በተወሰደ ጊዜ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከገባ በኋላ አጭር የማረጋገጫ ቁጥር በመልእክት ይደርሳል። ያንን ማስገባት ነው። ስለዚህ ቁጥር ከታች በሰፊው እንናገራለን።

አራተኛ፣ ስም ሲጻፍ ሌላው ሰው የሚያውቀውን ስም መጻፍ ይገባል። በትምህርት ቤት ግሩፕ ውስጥ መምህሯ የማን እናት እንደሆነች ለይታ ካላወቀች መልስ ለመስጠት ትቸገራለች።

አምስተኛ፣ ሴቲንግስ ከተባለው ገብቶ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል። በዚያ የስልክ ቁጥርን ማን ሊያይ እንደሚችል የሚወስን ቦታ ይገኛል። ሁሉም ሰው፣ የማውቃቸው ብቻ ወይም ማንም ከሚሉት ሦስት ምርጫዎች መካከል ሁለተኛው ለእናቶች ተስማሚ ነው። ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባት እንደሚችልም በዚያው ይወሰናል። ይህ ካልተደረገ በማታውቀው የንግድና የወሬ ግሩፕ ውስጥ ሳትጠየቅ ልትገባ ትችላለች።

ስድስተኛ፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መከልከል ነው። ዴታ ኤንድ ስቶሬጅ ከሚለው ገብቶ በሞባይል ዳታ ጊዜ የሚወርደውን ማጥፋት ይቻላል። ይህን ያላደረገች እናት የሳምንት ጥቅሏ በሁለት ቀን ቢያልቅ አይገርምም። የምትፈልገውን ብቻ ነክታ ማውረድ ትችላለችና የሚቀርባት ነገር የለም።

የቤቱ ቁልፍ

ከላይ የጠቀስነው የማረጋገጫ ቁጥር የቤት ቁልፍ ማለት ነው። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው በሌላ ስልክ ሆኖ በባለቤቲቱ ስም ሊገባ፣ መልእክቷን ሊያነብና በስሟ ሊጽፍ ይችላል። በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣው የማጭበርበር ዘዴም በዚሁ ቁልፍ ላይ የተመሠረተ ነው። አካሄዱም እንደሚከተለው ነው።

ሌባው አስቀድሞ የአንዲት አባል ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከዚያም በእርሷ ስም ለሌላዋ፣ "እትዬ፣ በስህተት አንቺ ስልክ ላይ ቁጥር ልኬያለሁ፤ እባክሽ ቶሎ መልሽልኝ" ብሎ ይጽፋል። ተቀባይዋም የምታውቃት ጎረቤቷ የጻፈችላት መስሏት ቁጥሩን ትልካለች። ያ ቁጥር ግን የራሷ የቤቷ ቁልፍ ነበር። ወዲያው የእርሷም ሂሳብ ይወሰድና በስሟ ለዕቁብተኞቿ ሁሉ፣ "ልጄ ታሞብኝ ሐኪም ቤት ነኝ፤ 3,000 ብር በቴሌብር ላኩልኝ፤ ማታ እመልሳለሁ" የሚል መልእክት ይበተናል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ማስተላለፍን በጣም ያቀለለ መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ በቶሎ መሄዱ ለሌባም ይመቻል፤ አንዴ ተልኮ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የዚህ ማጭበርበር ጉልበት የሀገራችን ሴቶች እርስ በርስ ለመረዳዳት ያላቸው ፈጣን ልብ ነው። "ልጄ ታመመ" የሚል ቃል የሰማች እናት አታመነታም። ታዲያ መድኃኒቱ ልብን ማደንደን አይደለም። ከመላክ በፊት ስልክ ደውሎ ድምፅ መስማት ነው። ደውላ ያላገኘቻት እንደሆነ ባሏን፣ እህቷን ወይም ጎረቤቷን ትጠይቅ። በእውነት የተቸገረች ጓደኛ አንድ ጊዜ ስለተደወለላት አትቀየምም።

ከዚህ ሌላ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለው ነው፤ በዚያው በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ይገኛል። ይህም ከማረጋገጫው ቁጥር በተጨማሪ ባለቤቲቱ የመረጠችው የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ የሚያደርግ ነው። ሌባው ቁጥሩን ቢያገኝ እንኳ ከሁለተኛው በር ይቆማል። የይለፍ ቃሉ የልጅ ስም ወይም የልደት ዓመት ባይሆን ይመረጣል። ሁለተኛው መከላከያ ዲቫይስስ የሚለው ዝርዝር ነው። ሂሳቡ በየትኞቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች እንደተከፈተ ያሳያል። የማይታወቅ ስልክ ከታየ ወዲያውኑ ከዚያው ማስወጣት ይቻላል። አዲስ የገባ ሰው የቀድሞውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት ስለማይፈቀድለት፣ በዚያ ጊዜ የፈጠነች ባለቤት ሂሳቧን ታስመልሳለች። ከዚያም ለአባላቱ በስልክ ማሳወቅና ጉዳዩን ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ በሰው ሂሳብ መግባትም ሆነ በዚህ መንገድ ማታለል ወንጀል ነውና "አፍሬ ቀረሁ" ማለት አይገባም።

የግሩፑ ደንብ

ማኅበር ያለ ደንብ እንደማይቆም ሁሉ ግሩፕም ያለ ደንብ ወዲያው ወደ ጫጫታ ይለወጣል። ግሩፕ የምታቋቁም እናት ወይም ሠራተኛ የሚከተሉትን ብታስብባቸው መልካም ነው።

የግሩፑ ኃላፊ አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ስልኩ የጠፋ ወይም የታመመ ቢሆን ግሩፑ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ኃላፊነቱን ቢጋሩ ይሻላል።

ሰላምታ ባህላችን ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። ነገር ግን አርባ እናቶች ባሉበት ግሩፕ አርባ "እንደምን አደራችሁ" ሲጻፍ መምህሯ ከላይ ያሰፈረችው "ነገ ክትባት ስላለ ካርድ ይዛችሁ ኑ" የሚለው ቃል ተቀብሮ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ቦታ ማበጀት ነው። አንዱ ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበትና ኃላፊዎቹ ብቻ የሚጽፉበት፣ ሌላው ለጨዋታና ለሰላምታ የሚሆን። ሁለት ማበጀት ያልተቻለ እንደሆነ ዋናውን ማስታወቂያ ከገጹ ራስ ላይ መስቀል ይቻላል፤ ፒን የሚለው ትእዛዝ ለዚሁ የተሠራ ነው።

ለአንድ ሰው መልስ ሲሰጥ ሪፕላይ በሚለው አማካይነት ከጥያቄው ሥር መጻፍ ይገባል። "እሺ" የሚል ብቸኛ ቃል ለማን እንደተጻፈ ሳይታወቅ ይቀርና ክርክር ያስነሣል። ስብሰባ ቅዳሜ ይሁን ወይስ እሑድ ብሎ ለመጠየቅም ፖል የሚባለውን የድምፅ መስጫ መጠቀም ይቻላል። ሁሉም ምርጫውን ይነካል፤ ውጤቱም በዚያው ጊዜ ተደምሮ ይታያል።

በጽሑፍ የተላከ መልእክት በ48 ሰዓት ውስጥ ሊታረም፣ ከዚያም ሊሰረዝ ይችላል። ሆኖም ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ከመሰረዙ በፊት ያነበበው ወይም ፎቶ ያነሣው ሰው አይታጣም። በተቆጡ ጊዜ አለመጻፍ ከመሰረዝ ይበልጣል።

ማንበብ የማይችሉ ወይም ዐይናቸው የደከመ እናቶች በድምፅ መልእክት ሊነጋገሩ መቻላቸው የዚህ መሣሪያ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል በሥራ ላይ ያለች ሴት ድምፅ ከፍታ ለመስማት አይመቻትም። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የገንዘቡ መጠን በጽሑፍ፣ ማብራሪያው በድምፅ ቢሆን ሁሉም ይጠቀማል።

ስለ መርዶ በተለይ መናገር ያስፈልጋል። በባህላችን መርዶ የሚነገረው በወግ ነው። ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ጊዜና ቦታ መርጠው ይነግሩታል። ዛሬ ግን አንድ ሰው ቸኩሎ በግሩፕ ውስጥ "ነፍስ ይማር" ብሎ ሲጽፍ፣ ሴት ልጅ የእናቷን ሞት በሥራ ቦታዋ ወይም በታክሲ ውስጥ ከስልኳ ልታነብ ትችላለች። በባዕድ ሀገር ብቻዋን የምትኖር ከሆነች ጉዳቱ የከፋ ነው። ስለሆነም የቅርብ ቤተሰብ በወጉ መረዳቱ ሳይረጋገጥ የሞት ዜና በግሩፕ እንዳይጻፍ በደንቡ ላይ መስፈር ይኖርበታል። እንዲሁም በዕድር ውስጥ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው አዛውንት አሉ። እያንዳንዷ ባለ ስልክ ለአንድ ጎረቤቷ የመንገር ኃላፊነት ብትወስድ ማንም አይቀርም። እስከዚያው ግን ጥሩምባው ከአገልግሎት አይውጣ።

የሥራ ሰዓትና የቤት ሰዓት

የመሥሪያ ቤት ግሩፕ ሥራን ያቀላጥፋል። የማምሻ ተረኛና የማለዳ ተረኛ ሳይገናኙ ርክክብ ያደርጋሉ። የተበላሸ ማሽን ፎቶ ተነሥቶ ለጠጋኙ በደቂቃ ይደርሳል። ነገር ግን ከሥራ ወጥታ እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት ጥያቄ የሚከተላት ሴት ሥራዋ መቼ እንዳበቃ አታውቅም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከምሽቱ 3 ሰዓት "ነገ የሚቀርበውን ሪፖርት አሁኑኑ ላኪ" የሚል መልእክት ከዚህ መንፈስ ጋር አይሄድም።

በዚህ ረገድ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ተነጋግረው ቢወስኑ ይሻላል። ለምሳሌ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንዳይላክ፣ አስቸኳይ የሆነ ግን በስልክ ጥሪ እንዲሆን መስማማት ይቻላል። ማታ ሐሳብ የመጣለት ኃላፊም መላኪያውን ምልክት ተጭኖ ሲይዘው፣ መልእክቱ ነገ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት እንዲሄድ ወይም ድምፅ ሳያሰማ እንዲደርስ የሚያደርግ ምርጫ ያገኛል። ሠራተኛዋም ሚውት በሚለው የግሩፑን ድምፅ ለማታው መዝጋት ትችላለች፤ ይህም ሥራን መናቅ አይደለም።

በቤት ውስጥም የሚነሣ ጉዳይ አለ። የትምህርት ቤቱ ግሩፕ ብዙውን ጊዜ የእናቶች ግሩፕ ሆኖ ይገኛል። አባትየው ስልኩን ይዞ ኳስ ሲከታተል እናትየው በአንድ እጇ ወጥ እያማሰለች በሌላው የቤት ሥራ ታወርዳለች። አባቶችም በግሩፑ ገብተው ሳምንቱን በተራ ቢከታተሉ ልጁም ሁለት ወላጆች እንዳሉት ይረዳል።

የልጆች ክብርና የቤት ምሥጢር

ብዙ ሰው ቴሌግራም ሁሉ ምሥጢራዊ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከላኪና ከተቀባይ ስልክ በቀር ማንም ሊፈታው በማይችል መቆለፊያ የሚሄደው ሲክሬት ቻት በተባለው ልዩ ክፍል የሚላከው ብቻ ነው። የተለመደው መልእክትና የግሩፑ ጽሑፍ ግን በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ሊይዝ የሚችል በመሆኑ፣ መግቢያ አድራሻው ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ ማን እንዳለበት አይታወቅም። ስለዚህ የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደብተርና የሐኪም ውጤት በግሩፕ አይላክም። የልጅ ፎቶ የትምህርት ቤቱ ስም ከተጻፈበት የደንብ ልብስ ጋር ሲበተን ልጁ የት እንደሚገኝ ለማያውቁት ሰው መንገር ነው። የደከመ ውጤት ያመጣ ልጅ ነጥብም በሁሉ ፊት ሊነበብ አይገባም፤ መምህሯ ለወላጁ ለብቻው ትጻፍ።

የዕቁብና የዕድር ሂሳብ

በመጨረሻ፣ በጋራ መጻጻፍ የለመዱ ሰዎች በጋራ ወደ መመዝገብ ሊያድጉ ይችላሉ። ጉግል ሺትስ የተባለው ሠንጠረዥ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያዩት የሂሳብ መዝገብ ነው። ጸሐፊዋ በቤቷ ስትሞላ ሌሎቹ በየስልካቸው በዚያው ቅጽበት ያያሉ። ሃያ አባላት በሳምንት 500 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እንውሰድ። በየሳምንቱ 10,000 ብር መግባት አለበት። በሠንጠረዡ ላይ ስም፣ ቀን፣ የገባ ገንዘብና ዕጣ የወጣለት ሰው ቢጻፍ፣ 9,500 ሆኖ በተገኘ ጊዜ ማን እንደቀረ ያለ ንትርክ ይታወቃል።

የመጻፍ ፈቃድ ግን ለሁሉም አይሰጥም። መዝገቡን ስታጋሩ ማየት ብቻ፣ አስተያየት መስጠት ወይም መጻፍ የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ይቀርባሉ። መጻፍ ለጸሐፊዋና ለገንዘብ ያዧ፣ ማየት ለአባላቱ ቢሆን በቂ ነው። ቨርዥን ሂስትሪ በሚለውም የቀድሞው መዝገብ ምን ይመስል እንደነበርና ማን እንደለወጠው ይታያል። በዚህም ሐቀኛዋ ገንዘብ ያዥ ከሐሜት ትጠበቃለች። ይህ ሁሉ ቢሆንም መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሀገር የወረቀት ደብተሩም ጎን ለጎን መያዝ አለበት።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመልመድ መሞከር አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት ሂሳቡን ከፍቶ ሁለተኛውን በር መቆለፍ፣ በሁለተኛው ከአንዲት ጓደኛ ጋር መጻጻፍን መለማመድ፣ በሦስተኛው ወደ ግሩፕ መግባት ይበቃል። ያወቀች ላላወቀችው ታሳይ፤ ስታሳይም ስልኩን ከእጇ ወስዳ ራሷ ከምትሠራላት በራሷ ጣት እንድትነካ ትተዋት፤ ያየ ይረሳል፣ የሠራ ይለምዳልና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የእናትነትም ሆነ የሠራተኛነት ሸክም በጋራ ሲያዝ ይቀላል። ግሩፑም በደንብ ከተያዘ ለዚሁ የሚያገለግል አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ይሆናል።